ያላዩትን መፍረድ



ሳምንታዊ ጋዜጦችን የሚያገላብጥ ሰው በጥበብ ገጻቸው ላይ ስለ አዲስ ፊልም የተጻፈ አስተያየት አያጣም። ጸሐፊው አንዱን ፊልም «ድንቅ» ይለዋል፤ ሌላውን «ጊዜና ገንዘብ ማባከን» ብሎ ያጣጥለዋል። ከአዲስ አበባ ርቀን በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ ለምንኖር ሰዎች ፊልም የሚደርሰን ከሲኒማ ቤት ይልቅ በቴሌቪዥንና በልጆቻችን ስልክ ነው። ስለሆነም ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ቀድሞ የምናገኘው የሌላ ሰው ፍርድ ነው። ይህ የሐያሲ ፍርድ ምን ያህል ሊታመን ይገባል? እኛስ ለልጆቻችን ስለ ፊልም የምንሰጠው ፍርድ ምን መምሰል አለበት? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ የተቀበለው ፍርድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለአዲስ አበባ ሕዝብ እንግዳ በነበረበት ዘመን የሚታይበት ቤት «የሰይጣን ቤት» ተባለ። ይህን ስም እየተቀባበለ ካሰራጨው ሕዝብ መካከል ውስጡን ያየው ጥቂቱ መሆኑን መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ታየ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ «ጉማ» ተከተለ። «የሰይጣን ቤት» የሚለው ስም ተረሳ። ሳያዩ የመፍረድ ልማድ ግን ዛሬም ከእኛው ጋር አለ።

አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። ሳያጣሩ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመረዳት እኛ ሙስሊሞች ከምንወደው ፊልም ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ትውልደ ሶሪያዊው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ የእስልምናን አጀማመር የሚተርከውን «አር-ሪሳላ» የተባለ ፊልም ሠራ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሊታይ ሲል፣ አንቶኒ ኩዊን የተባለው ተዋናይ ነቢዩን ሆኖ ይጫወታል የሚል ወሬ ተሰራጨ። በዚያው ወር በዋሽንግተን ከተማ የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎችን ያዙ፤ ከመቶ በላይ ሰዎችንም አገቱ። ሌላም ቂም ነበራቸው፤ ሆኖም ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፊልሙ እንዲታገድ ነበር። በአደጋው አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ተገደለ። የግብፅ፣ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ከአጋቾቹ ጋር ተነጋግረው፣ ቁርኣንም ጠቅሰው ካግባቧቸው በኋላ ታጋቾቹ ተለቀቁ።

አንቶኒ ኩዊን ግን የተጫወተው የነቢዩን አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ.) ነበር። ፊልሙን ለጥቂት ደቂቃ ያየ ሰው ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ያላዩት ሰዎች በወሬ ፈረዱበት፤ የሰውም ነፍስ ጠፋ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ካልሆነ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንደምንጸጸት ያስጠነቀቀንን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ታዲያ ሐያሲ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ያየውን የሚመሰክር ሰው ነው። ነገር ግን ማየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱንም መናገር አለበት። የሐዲስ ሊቃውንት በ«ጀርሕ ወተዕዲል» ጥበባቸው ያቆዩልን ሚዛን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሐዲስን ከፊልም ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ ሚዛኑን መዋሳችን እንጂ። ከእነርሱ ብዙዎቹ አንድን ዘጋቢ «ደካማ ነው» የሚል ሰው ምክንያቱን እንዲያብራራ ይጠይቁ ነበር። ለአንዱ ነውር የሆነ ነገር ለሌላው ነውር ላይሆን ይችላልና። ታላቁ ሊቅ ሹዕባ የአንድን ሰው ዘገባ ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ፣ ሰውየው የጭነት ፈረስ ሲያስጋልብ ስላዩት መሆኑን ተናገሩ ይባላል። ተከታዮቹ ሊቃውንት ይህንን አንስተው ፈረስ ማስጋለብ ዘገባን ለመጣል በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አሳዩ። ሹዕባ ምክንያታቸውን ባይገልጹ ኖሮ ፍርዳቸውን የሚመዝን ሰው አይገኝም ነበር። የጋዜጣው ሐያሲም «አሰልቺ ነው» ብሎ ካለፈ ምኑም አይመዘንም። «ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ ያደክማል» ካለን ግን እኛ እንደዚያ ዓይነቱን ታሪክ የምንወድ መሆን አለመሆናችንን ራሳችን እናውቃለን።

ይህን ሚዛን በሁለት የአገራችን ፊልሞች ላይ እንሞክረው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ድርሰት ሽልማት አገኘ። በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ተሸለመ፤ የእርሱ ግን ተመልካቾች ድምፅ ሰጥተው የመረጡት ሽልማት ነው። ልዩነቱን እናስተውል። የመጀመሪያው በባለሙያ ዳኞች፣ ሁለተኛው በተራው ተመልካች የተፈረደ ነው። «ጤዛ» ከውጭ አገር የተመለሰውን የአንበርብርን ትዝታ እየበተነና እየሰበሰበ የሚሄድ ረጅም ፊልም ነው። ወጣቶች ከግዳጅ ውትድርና ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ የሚያሳየው ክፍል የዚያን ዘመን ወላጆች ሳያስለቅስ አያልፍም፤ የዛሬ ልጅ ግን አባቱ አጠገቡ ሆኖ ካላስረዳው ግማሹ ያመልጠዋል። «ድፍረት» በአንጻሩ ቀጥ ያለ ታሪክ አለው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ጠበቃዋም ትከራከርላታለች። መነሻው በአገራችን የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው።

ስለ «ድፍረት» አንዱ ሐያሲ «ለልጆች የሚሆን አይደለም» ቢል እውነቱን ነው፤ በልጅቱ ላይ የደረሰው ግፍ በፊልሙ ውስጥ አለና። ሌላው «ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ይየው» ቢልም አልተሳሳተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃገረድ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር ማዘዛቸውን ለምናስተምር ሰዎች ጠለፋ በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት የቀድሞው ሕግ እንኳ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ፍርዶች የሚጋጩ ቢመስሉም ምክንያታቸው ሲገለጽ አይጋጩም። ለስምንት ዓመቱ ልጅ «አይሆንም»፣ ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅና ለእናቷ «አብራችሁ እዩት» ማለት ነው። በአንድ ቃል የሚፈርድ ሐያሲ ይህን ልዩነት ሊያሳየን አይችልም።

በጋዜጦቻችን ላይ የሚታየውን ጉድለትም ሳንናገር አናልፍም። ሒስ መስሎ ከሚቀርብልን ጽሑፍ ብዙው የምርቃት ዜና ነው። ማን እንደ ተገኘ፣ ስንት ብር እንደ ወጣና ስንት ወር እንደ ፈጀ ይነግረናል። የሥራው ባለቤት በጋበዘው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሥራውን ነውር መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በሌላ በኩል ሙያውን ሳያውቁ ሁሉን የሚያንቋሽሹም አሉ፤ ለእነርሱ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምክር ይበቃቸዋል። አንባቢው አንድን ሐያሲ ለጥቂት ወራት ተከታትሎ፣ ያመሰገነውንና የነቀፈውን ከራሱ ዓይን ጋር ቢያስተያይ የትኛው ምስክር እንደሚታመን ይገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየተረጎመ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ስልክም በየልጁ እጅ ከገባ ወዲህ፣ ማንም ሐያሲ ያልመዘነው ብዙ ነገር በየማታው ሳሎናችን ይገባል። በዚህ ጊዜ የቤተሰቡ ሐያሲ አባትና እናት ናቸው። የብዙዎቻችን ሒስ ግን አንዲት ቃል ናት፤ «ሐራም ነው፣ ዝጋው!»። ሐራሙን ሐራም ማለት ግዴታችን ነው። ሆኖም ያላየነውንና ያላጣራነውን ሁሉ በዚህች ቃል ስንፈርድበት ልጁ አለማየታችንን ያውቃል። ቃሏ በእርሱ ዘንድ እየቀለለች ትሄዳለች። በእርግጥ የሚያጠፋው ነገር የመጣ ዕለት ስንጠራት ትከብድለት ይሆን? እርሱ እስከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ መግባትን ተምሯል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከመፍረዳችን በፊት ከልጃችን አጠገብ ለጥቂት ጊዜ እንቀመጥ። ከዚያም ሦስት ነገር እንጠይቀው። ምን አየህ? ፊልሙ የትኛውን ሥራ መልካም አስመሰለው? ግፍ የተፈጸመበት ሰው እውነቱን የሚናገርለት አገኘ ወይስ መሳቂያ ሆነ? ቀጥሎ የእኛን ፍርድ ከነምክንያቱ እንንገረው። «ይህን የምከለክልህ ዝሙትን እንደ ጀግንነት ስለሚያሳይ ነው» የተባለ ልጅ ቢከፋው እንኳ የተከለከለበትን ያውቃል። ሌላ ቀንም እኛ በሌለንበት በዚያው ሚዛን ይመዝናል።

ወጣት ወንድሞችና እህቶችም ተራው የእናንተ ነው። ለጓደኛችሁ ፊልም ስትልኩ «አሪፍ ነው» ብቻ ብላችሁ አትላኩለት። ምን እንዳለበት ንገሩት። እናንተም መስካሪዎች ናችሁና፤ ጆሮም ዓይንም ልብም የሚጠየቁበት ቀን አለ።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር በቸር ያገናኘን።