ትርፍ ድርሻ ነው ወይስ ላም አለኝ በሰማይ?

የዛሬው ስለ ጤፍና ስለ ሲሚንቶ አይደለም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር "እገሌ ባንክ ጥሩ ዲቪደንድ ይከፍላል ይባላል፣ አክሲዮኑን ልግዛ?" የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔ መልሱን የተማርኩት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው።

በ2014 ታላቅ ወንድሜ እዚያ ታስሮ ነበር። እህል ነጋዴ ስለሆነ ልንጠይቀው በሄድን ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ "ጤፍ ስንት ገባ?" ይላል። ከመታሰሩ በፊት የአንድ ባንክ አክሲዮን ገዝቶ ነበርና ሚስቱ በውክልና ትርፍ ድርሻውን እየተቀበለች የልጆቹን ትምህርት ቤት ትከፍል ነበር። ያን ዓመት ባንኩ ጥሩ ትርፍ አወጀ። እሷ ግን ብር ሳይሆን ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ ጉባኤው ትርፉ ለካፒታል ማሳደጊያ ይዋል ብሎ ወስኗል። ስንቁን አስፈትሸን ገብተን ስንነግረው ትንሽ ዝም አለና "ታዲያ ልጆቹ በአክሲዮን ይመዝገቡ?" አለን።

ባንኩ አላጭበረበረም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 አሟሉ ስላለ ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የምናየው የታወጀውን መቶኛ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አያለሁ።

1. እጅ የገባው ብር። ባንክ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶ ለሕግ መጠባበቂያ ያስቀራል። አንድ አክሲዮን 300 ብር አተረፈ ከተባለ መጀመሪያ 75ቱ ይነሳለታል። የአምስት ዓመት ሪፖርት አውጡና በጥሬ ብር የከፈለበትን ዓመት ቁጠሩ።

2. የትርፉ ምንጭ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። ከዚያ የተገኘ ትርፍ በየዓመቱ አይደገምም። ከብድርና ከአገልግሎት የመጣውን ለዩት።

3. የበላተኛው ብዛት። ካፒታሉ እጥፍ ሆኖ ትርፉ ካላደገ የአንድ አክሲዮን ድርሻ በግማሽ ይወርዳል። እንጀራው ያው ነው፣ ማዕዱን የከበበው ሰው ነው የጨመረው።

በጥር 2017 የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን ቀድሞ መዝግቦ ሥራ ሲጀምር ደስ ብሎኛል፤ መሸጫ ቦታ ተገኘ። መሸጫ መኖሩ ግን ለዲቪደንድ ዋስትና አይደለም።

የኔ አቋም፦ አክሲዮን ግዙ፣ ግን ለአምስት ዓመት በማትፈልጉት ብር። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በትርፍ ድርሻ ላይ አይንጠልጠል። የደረሳችሁንም በጤፍ መንዝሩት፤ አምና ስንት ኪሎ ይገዛ ነበር፣ ዘንድሮስ? በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ወንድሜ መጀመሪያ የጤፍ ዋጋ የሚጠይቀው ያለ ነገር አልነበረም።

አሁን ወጥቷል። አክሲዮኑን አልሸጠውም። የልጆቹን ክፍያ ግን ከሱቁ ነው የሚከፍለው።

እናንተስ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቱን በጥሬ ብር ተቀበላችሁ? ከታች ጻፉልን።