ከልጃችን ጋራ ሁለት ሌሊት በምድር ባቡር

አባቶቻችን የሰውን ጠባይ ለማወቅ ሲሹ አብረውት መንገድ ይሄዱ ነበር። በቤት ውስጥ ሰው ሁሉ የራሱ ማዕዘን የራሱም ሥራ አለውና፤ ብዙ ዘመን አብሮ ቢኖር እንኳ ሳይተዋወቅ ሊቀር ይችላል። በመንገድ ግን ራቡም ድካሙም ዝምታውም የጋራ ስለ ሆነ የልብ መጋረጃ ቶሎ ይገለጣል። በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን የምንጽፈው በአሜሪካ አገር ከቺካጎ ከተማ ተነሥተን፤ ፀሐይ ከማይለያት በውቅያኖስ ዳር ካለችው ከሎስ አንጀለስ ከተማ እስክንደርስ ከልጃችን ጋራ በምድር ባቡር ስላደረግነው ጉዞ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ይህ ልጃችን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ በቺካጎ የምትኖረው እኅታችን ልታሳድገውና ልታስተምረው ወሰደችው። እኛም «ትምህርት ይቀስማል፤ ሰው ይሆናል» ብለን አመስግነን ሰጠናት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፁን በስልክ እንሰማ ነበር። «ደኅና ነህ?» እንለዋለን፤ «ደኅና ነኝ» ይለናል፤ ንግግራችንም በዚህ ይፈጸማል። እግዚአብሔር ይመስገን በሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በበቃ ጊዜ፤ ከሥራችን ፈቃድ ተቀብለን ሄደን ልናደርሰው ቈረጥን። ባለቤታችን ግን ከታናናሾቹ ጋራ በቤት ቀረች። ልጃችን በአይሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል በሚያህል ጊዜ የሚደረስበትን አገር በምድር ባቡር መሄድ የጊዜ ጥፋት መስሎ ታየው። እኛ ግን ስምንት ዓመት ያላየነውን ልጅ በአራት ሰዓት ልንሰናበተው አልወደድንም። በመጨረሻው ፊቱን አጠቍሮ እሺ አለ።

ባቡሩ «ሳውዝዌስት ቺፍ» ይባላል፤ ይህም የደቡብ ምዕራብ አለቃ እንደ ማለት ነው። መንገዱ ከ3,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስምንት ግዛቶችንም ያቋርጣል፤ ጊዜው 43 ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ የነበረው የቀድሞው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፤ ይኸኛው ከአራት እጥፍ እንደሚበልጥ ያስተውላል። ሠረገሎቹ ባለ ሁለት ደርብ ናቸው። ገንዘቡን ለመቈጠብ የሚሻ መንገደኛ ወደ ኋላ በሚዘረጋ ወንበር ላይ ሲያድር፤ ሌላው ደግሞ ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ለዚህኛው የመብሉ ዋጋ ከክፍሉ ኪራይ ጋራ ይጠቃለላል። እኛም ክፍሉን መረጥን። በቀን ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ማታ ወንበሮቹ ተገጣጥመው አንድ አልጋ ይሆናሉ፤ ሁለተኛውም አልጋ ከጣራው ሥር ይወርዳል። ስለዚህ ጕልበታችን ከልጃችን ጕልበት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀመጥን፤ እርሱ ግን ዐይኑን ከስልኩ አላነሣም።

ከቺካጎ የተነሣነው ከቀትር በኋላ ነበር። የበቈሎው እርሻ ማለቂያ የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በፎርት ማዲሰን ከተማ አጠገብ ታላቁን የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገርን። ድልድዩ በ1927 የተከፈተ ሲሆን፤ መርከብ ሲመጣ አንዱ ክፍሉ ዞሮ መንገድ ይሰጠዋል። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበርና ባለቤታችን ያስያዘችንን ዳቦ ቆሎ አውጥተን በመካከላችን አኖርነው። ልጃችን አንዲት ፍሬ አንሥቶ ቀመሰና «ይህን እማማ ናት የሠራችው?» አለን። ከተነሣን ጀምሮ ሳንጠይቀው የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበረ።

በማግሥቱ ጧት በኮሎራዶ ግዛት ሜዳ ላይ ነጋልን። ስልኩም መስመር አጥቶ ዝም አለ፤ በዚህ ምክንያት ልጃችን በመስኮት መመልከት ጀመረ። ከትሪኒዳድ ከተማ አልፎ ባቡሩ ጥዱን እየሰነጠቀ ወደ ራቶን መተላለፊያ ይወጣል። የሳንታ ፌ ኩባንያ በ1878 ከሌላ ኩባንያ ጋራ ተሽቀዳድሞ ይህን በር ያዘ፤ በዚያም ሐዲዱን ወደ ደቡብ አሻገረ። የበሩ ከፍታ 2,300 ሜትር ያህል ነው። «ይህ ከፍታ የአዲስ አበባን ያህላል፤ አንተ የተወለድህበት አየር ይህን ይመስላል» ብለን ነገርነው። እርሱም «እንዲያውስ ሽታው ትዝ ይለኛል፤ የባሕር ዛፍ ነው» አለ። ተራራው የጥድ እንጂ የባሕር ዛፍ አልነበረም፤ እኛ ግን አላረምነውም።

ወደ ማታ አልበከርኪን አልፈን ቀይ ገደሎች በሚታዩበት ምድር ስንጓዝ ለእራት ተጠራን። በመብል ሠረገላው ውስጥ የማይተዋወቁ መንገደኞችን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ የቈየ ልማድ ነው። ከእኛ ጋራ የተቀመጡት ልጃቸውን ለማየት የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አሮጊቷም ልጃችንን በእንግሊዝኛ «አባትህ ናቸውን? ስንት ጊዜ ተለያያችሁ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ስምንት ዓመት መሆኑን ነገራቸው፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሕፃን ነበርሁ፤ አንድ ክፉ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ስለዚያ የሰደዱኝ ይመስለኝ ነበር» አላቸው።

የእኛ እንግሊዝኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተገኘ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነውና ፈጥነን አንናገረውም፤ መስማት ግን እንሰማለን። ልጃችን ይህን አያውቅም ነበር። የጐረስነው እንጀራ ሆነ ዳቦ መሆኑ ጠፋብን፤ በጕሮሯችን ቆመ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም ብለን ተነሣን።

ባቡሩ የፍላግስታፍን ከተማ አልፎ ወደ በረሓው ሲወርድ መብራቱን አጥፍተን ተኛን፤ እርሱ ከላይ፤ እኛ ከታች። እንቅልፍ ግን አልመጣም። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነን ስንሠራ ብዙ ዘመን ነው። የከሳሹን ቃል ጽፈናል፤ የተከሳሹንም ጽፈናል፤ ስለ አንዲት ገመድ መሬት ቃሉ ያልተጻፈ ምስክር እንዳይቀር እንጠነቀቃለን። አባትና ልጅ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ በጠበቃ አፍ ብቻ ሲነጋገሩ ጽፈን በልባችን ፈርደንባቸዋል። በዚያች ሌሊት ግን የአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ቃል ሳይጠየቅና ሳይጻፍ እንደ ተፈረደበት አስተዋልን፤ ፈራጆቹም እኛ ነበርን።

ስለዚህ በጨለማው ውስጥ «ልጄ፤ በገበታው ላይ የተናገርኸውን ሰማሁ» አልነው። ከላይ ያለው አልጋ ዝም አለ። «አንዳች በደል አላደረግህም። አክስትህ ልጅ አልነበራትም፤ ትምህርቱም ይበጅሃል ብለን ነው። ነገር ግን ልብህን ሳልጠይቅ ሻንጣህን አስጠቀለልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልነው።

ብዙ ከቈየ በኋላ «አባባ፤ በአይሮፕላን ጣቢያው ስለያችሁ ለምን ዞረህ አላየኸኝም? እኔ እስክትዞር ቆሜ ነበር» አለን።

«እንባዬን እንዳታይ ብዬ ነው» አልነው።

«ባየው ይሻለኝ ነበር» አለ። ከዚህ ወዲያ የተነጋገርነው የአባትና የልጅ ነውና በጋዜጣ አይጻፍም፤ ብቻ ተራራ እስኪያዩ ድረስ ሳንተኛ ነጋ።

ባቡሩ ጧት በካሆን መተላለፊያ በተራሮች መካከል ወርዶ ሎስ አንጀለስ ገባ። በመንገድ ሰዓታችንን ሁለት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰን ነበር። ይህች ከተማ ዝናቧ የሚወርደው በክረምታቸው ነው፤ በበጋቸው ወራት ግን ሰማይዋ ከደመና ይልቅ ብርሃን ይበዛዋል። የሳንታ ፌ ኩባንያ በ1880ዎቹ ሐዲዱን ወደዚያ ካደረሰ በኋላ፤ ከተቀናቃኙ ጋራ በዋጋ እየተፎካከረ ብዙ ሕዝብ አጓጓዘ፤ ከመጡትም ብዙዎቹ ጤናቸውን በፀሐይዋና በደረቅ አየሯ ሊጠብቁ ያሰቡ ነበሩ። ነጩ ጣቢያ ዩኒየን ስቴሽን በ1939 ተከፈተ። ንድፉን ያወጡት ጆን ፓርኪንሰንና ልጁ ዶናልድ ናቸው፤ አባትየው ሕንጻው ሳይፈጸም በ1935 ሞተ፤ ልጁ ግን ፍጻሜውን አየ። ከከፍተኛው ጣራ ሥር ቆመን ይህን ለልጃችን ነገርነው።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና ወዳለው ሰፈር ሄድን። ልጃችን በግድግዳው ላይ የተጻፈውን አማርኛ ፊደል በፊደል እየለቀመ አነበበ፤ የጾም ምሳችንንም፤ ሽሮና ጎመን፤ በራሱ አንደበት አዘዘልን። በማግሥቱ ሳንታ ሞኒካ ወርደን ውቅያኖሱን አየን። ወደ ዩኒቨርሲቲው ደጅ በሸኘነው ጊዜ ሄደን ሄደን ዞር አልን፤ እርሱም ቆሞ ነበር።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ልጆቻችሁን ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ስትሰዱ የምትመርጡላቸው እናንተ ናችሁ፤ ይህም የወላጅ ሥልጣን ነው። ነገር ግን ከመቍረጣችሁ በፊት የልጁን ቃል ጠይቁ፤ ሲሄድም እንባችሁን አትሸሽጉት። ቀድሞ ሳትጠይቁት የሄደ እንደ ሆነ ግን፤ ፈጣኑን መንገድ ትታችሁ ረጅሙን ከእርሱ ጋራ ሂዱ። እኛ ስምንት ዓመት በስልክ ያላገኘነውን በሁለት ሌሊት አግኝተነዋል።