እምቦጭ ዘመቻ አይፈራም

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰጠነው መልስ በአብዛኛው ዘመቻ ሆኗል። ቀን ይቆረጣል፣ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ይጠራል፣ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ካሜራው ይቀርጻል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በጥቅምት 2013 የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቷል። አልቅትና ቢልሃርዚያ ባለበት ውኃ ደረቱ ድረስ የገባን ሰው ትጋት ማቃለል ነውር ነው። የምነቅፈው ሐይቅ ማጽዳት ጉልበትና ቁጭት እንጂ ሙያ አይጠይቅም የሚለውን፣ ማንም በግልጽ የማይናገረውን ግን ሁሉም የሚሠራበትን እምነት ነው።

ይህን እምነት ከሁሉ በፊት የሚያፈርሰው አረሙ ራሱ ነው። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ተቆርጣ የቀረች ቅርንጫፍ ራሷን ችላ ትንሳፈፋለች፤ ፍሬው ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በ2013 ዘመቻ ከነቃዩ እጅ የረገፈ ፍሬ በ2030ም ሊበቅል ይችላል ማለት ነው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ፣ ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው እርጥብ መሬት ይገለጣል፤ ፀሐይ ያገኘው ፍሬም እዚያው ይፈነዳል። የተነቀለው አረም ደግሞ ዳር ላይ ይከመራል። ክምሩ ክረምት ላይ ውኃው ከሚደርስበት ወሰን በታች ከሆነ፣ ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ክምሩ የት ይሁን? ንቅሉ አበባው ሳያፈራ በየትኛው ሳምንት ይጀመር? ከንፋሱ አቅጣጫ አንጻር ከየት በኩል? እነዚህን የሚመልሰው እዚያው ዳርቻ ላይ ዓመቱን ሙሉ የከረመ የሠለጠነ ዓይን ነው።

እንግዳ ደርሶብን ነው እንዳንል፣ እምቦጭ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ላይ መኖሩ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣና እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አረሙን የሚያውቅ፣ የሚከታተልና የሚቆጣጠር ቋሚ የባለሙያ ሠራዊት ማቆም በተቻለ ነበር። ኡጋንዳና ጎረቤቶቿ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከሞከሩት አንዱ መንገድ አረሙን ብቻ የሚበላ ጥቃቅን ጢንዚዛ አርብቶ መልቀቅ ነበር። ጢንዚዛው ቅጠሉን ይፍቃል፤ እጩ ግንዱን እየቦረቦረ ወደ እምብርቱ ይወርዳል። አረሙ በመቀነሱ የአየር ጠባዩም እገዛ እንደነበረበት አይካድም። ቢሆንም ጢንዚዛ በአዋጅ አይረባም፤ በየገንዳው የሚመግበው፣ የሚቆጥረው፣ በየወሩ የሚለቀው ሰው ይፈልጋል። ማሽኑም እንደዚያው ነው። ከዳያስፖራው መዋጮ ጭምር ተገዝተው ጣና ከገቡት ማጨጃዎች ስንቶቹ መለዋወጫና ጠጋኝ አጥተው እንደቆሙ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ብረቱን ገዛን፤ መካኒኩን ረሳነው።

ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፣ ሥልጠናም በየጊዜው ይሰጣል የሚል መልስ ይመጣል። ባሕር ዳርና ጎንደር በእምቦጭ ላይ የሚመራመሩ ምሁራን አሏቸው፤ ጥናታቸውም ይጠቅማል። ነገር ግን ጥናት ከሐይቁ ዳር የሚደርሰው የሚተረጉመው እጅ ሲኖር ነው። ሥልጠና የምንለው ደግሞ በአብዛኛው የሁለት ቀን የሆቴል አዳራሽ፣ የውሎ አበልና የምስክር ወረቀት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው የቢሮ ኃላፊው ነው፤ ታንኳ ቀዛፊው አይጠራም። ሌላው ክርክር ከበድ ይላል፦ ድኻ አገር ለአረም ነቃይ ቋሚ ደመወዝ ከየት ታመጣለች? ዘመቻው ግን በነጻ የሚካሄድ ይመስለናል እንጂ ነጻ አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር አዝመራ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ገበሬው ውኃ ውስጥ የዋለበት ቀን ከማሳው የተቀነሰ ቀን ነው፤ ሒሳቡ በመንግሥት መዝገብ ስላልሰፈረ ብቻ ርካሽ መሰለን። ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽና ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ አረሙን እስከቀለበው ድረስ፣ ወጪው በየዓመቱ ይደገማል።

ከሐይቁ ዳር ካሉ ቀበሌዎች ወጣቶች መርጦ አንድ ሙሉ የውኃ ዓመት፣ ከክረምት እስከ ክረምት፣ እዚያው ዳርቻ ላይ ማስተማር ይቻላል፤ ግማሹን ጢንዚዛ ማርባት፣ ግማሹን የማጨጃ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ሁሉንም ዳርቻውን ማንበብ። ከዚያ በግንቦት፣ ካሜራ በማይመጣበት ወር፣ ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ጎንበስ ብሎ ገና ጣት የምታህለውን ቡቃያ እየነቀለ የሚቆጥር ደመወዝተኛ ይኖረናል።