ቤቱ ታደሰ፤ ድስቱስ?

በግቢያችን የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ነገር በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው «ቆልፈን ሙዚየም እናድርጋቸው፤ እሳትና ወጥ አይድረስባቸው» ይላል። ሁለተኛው «ታድሰው የባህል ምግብ ቤት ይሁኑ፤ የገጠሩን ምግብ እንሽጥባቸው፤ ዶላር ያምጡ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። የመጀመሪያው ጠብ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ልገላገለው።

ሙዚየም አልጠላም። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ ደግ ነው። ግን ቤት ሁሉ ይቆለፍ ማለት ሌላ ነገር ነው። እኛ ራሳችን የምንማረው የት ሆነና? ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ባይሆን ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ ደረጃውን ይረግጠው ነበር? ሰው የሸሸው ቤት ጣሪያው ማፍሰሱን እንኳ የሚያይለት ያጣል። ጣይቱ ሆቴልም በ1890ዎቹ መጨረሻ ሲሠራ እንግዳ እንዲያድርበትና እንዲበላበት ነበር እንጂ እንደ ዕቃ እንዲታይ አልነበረም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ገብቶበት የጃዝ ክበቡ ወደመ፤ ሆቴሉ ግን ተጠግኖ እንደገና እንግዳ ተቀበለ። «አሮጌ እንጨትና ምድጃ ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። የኤሌክትሪክ መስመሩን አድሱ፤ የእሳት ማጥፊያውን ስቀሉ፤ ማጀቱን ከእንጨቱ አርቁ። ማጀት ግን አይዘጋም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ፤ ዋናው ጠብ እዚህ ነው።

በታደሱ ቤቶች የሚከፈቱትን «የገጠር ማዕድ» ባዮች እስቲ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ግድግዳው ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል፤ ያረሰበት ሰው ግን በበሩም አያልፍ። መቀመጫው በርጩማ ነው (ወገቡን ለሚያመው ቱሪስት ትራስ ይጨመርለታል)። ማታ ከበሮ ይመታል፤ እስክስታ ይወረዳል። ምግቡስ? ክትፎ፣ ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህን በየቀኑ የሚበላ ገበሬ የትኛው ወረዳ ነው ያያችሁት? ከመካከላችን ከገጠር የመጣን ብዙዎች ነን። ሥጋ መቼ መቼ እንደሚበላ እናውቃለን፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር።

የገጠር ሰው ሆዱን የሚያሳርፍበት ምግብ ሌላ ነው። ሽሮ ነው፤ ጎመን ነው፤ ንፍሮና ቆሎ ነው። በብርድ ቀን የገብስ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት። ለመንገደኛ በሶ ነው። ወደ ጉራጌ ብትወርዱ ቆጮ በጎመን፣ ወደ ወለጋ አንጮቴ፣ ወደ ትግራይ ጥሕሎ ይጠብቃችኋል። የኦርቶዶክሱ ምእመን ደግሞ በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል። የእናቶቻችን ሙያ የተፈተነው በእነዚያ ቀናት ነው። ስልጆን ተመልከቱ፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦ፣ ስናፍጭ ገብቶበት፣ ለቀናት እስኪብላላ የሚጠበቅ ነገር ነው። ትዕግሥቱ ብዙ፣ ዋጋው ኢምንት። ታዲያ በታደሰ ቤት ውስጥ ስልጆ የቀረበለት ማን ነው? እስቲ እጁን ያውጣ!

ምሥጢሩ ወዲህ ነው፤ እነዚህ ቤቶች «ገጠር» እያሉ የሚሸጡልን የቤተ መንግሥቱን ግብር ነው። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1887 (እ.ኤ.አ.) እንጦጦ ላይ ያበሉትን ግብር ይተርካል። ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ማዕድ እንዴት በአንድ ገበታ እንደተሰበሰበ ከዚያ ይታያል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ግን ግብር ግብር ነው እንጂ የገበሬ ራት አይደለም። ደግሞም ግብሩ ራሱ ከዛሬዎቹ ነጋዴዎች ይሻል ነበር። በምኒልክ አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው ይበላሉ፤ ከዚያ ሠራዊቱ በየማዕረጉ ዙር በዙር ይገባል። ማዕረግ ዝቅ ባለ ቁጥር መጠጡም ዝቅ ይላል። ፍትሕ ነበር እያልኩ አይደለም። የመጨረሻው ዙር ግን ነበረ፤ ተራው ወታደር ዘግይቶም ቢሆን ይገባ ነበር። በዛሬው የታደሰ ቤት የመጨረሻው ዙር መቼ ነው?

ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሰዉ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን ነውር ብሎ ስለሸሸ፣ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ ከፍለው በመብላት አለማመዱት ይባላል። ያኔ ያሳፈረው መክፈሉ ነበር፤ ዛሬ የሚያሳፍረው ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ለሆቴሉ ግን ምስጋናዬን አልነፍገውም፤ ለብዙ ዓመታት ምሳ ላይ የጾም ቡፌ እየዘረጋ ሽሮንና ጎመንን በዚያ ሰፊ የእንጨት ወለል ላይ አስከብሯል። ሻንጣ ያዘለው ፈረንጅም የሰፈሩ ሰውም ከአንድ ድስት ጨልፈዋል። ይቻላል ማለት ነው!

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቅርስ የተባሉት ቤቶች ቀሩ፤ በዙሪያቸው የነበሩት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከነደንበኞቻቸው ሄዱ። ድስት ጥደው የሰፈሩን ሰው ሲያበሉ የኖሩት እናቶች ወደ ከተማው ዳር ተሸኙ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «የገጠርና የሰፈር ጣዕም» በታደሰ ቤት ውስጥ እንድንገዛ የምንጋበዘው። ጣዕሙን የሚያውቁትን አባርሮ ጣዕሙን መሸጥ ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም፤ በሥነ ጽሑፍ የምትመራመሩ ፈልጉለት።

ነጋዴው «እድሳት ገንዘብ ይፈጃል፤ ኪራዩስ?» ይላል። እውነቱን ነው። የድሮውን ዓይነት እንጨት የሚጠርብ አናጢ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ርካሽም አይደለም። ስለዚህ ኪራዩ ከክትፎው ይውጣ። ክትፎ የሚበላ መክፈል አያቅተውም። ሽሮው ግን ዋጋው በር ላይ ተጽፎ፣ ሊስትሮውና ተማሪው ሊከፍለው በሚችለው ይቅረብ። ማጀቱም ከፒያሳ ለተነሱት እናቶች ይሰጥ፤ በጥልፍ ቀሚስ ቡና እየቀዱ ፎቶ እንዲነሡ ሳይሆን፣ ድስቱን እንዲያዙበትና ከትርፉ እንዲካፈሉ። የቅርስ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ስለ በርና መስኮቱ ቀለም የሚጠይቀውን ያህል ስለ ምናሌውም ይጠይቅ።

ይህን የሚቃወም ካለ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ የታደሰ ቤት ገብቶ የሽሮውን ዋጋ ጠይቆ ይምጣ።