ስለ ልቡና ጤንነትና ከዛፍ ጥላ በታች ስለሚሰጥ ምክር

የሰው ደዌ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሥጋው ላይ የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው በልቡናው ውስጥ የተሰወረ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ባየን ጊዜ ሁላችንም ልናነሣው እንሮጣለን፤ ልቡ የተሰበረውን ግን ሰነፍ ነው፤ ጠባዩ ተለወጠ፤ ወይም ዛር ያዘው እያልን እናልፈዋለን። እርሱም ስለሚያፍር ዝም ይላል፤ ዝም ባለም መጠን ደዌው ይበረታበታል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለታቸው ስለ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2025 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአእምሮ ጤና እክል ያለባቸው ሰዎች በዓለም ሁሉ ከአንድ ቢሊዮን እንደሚበልጡ አስታውቋል (ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ድኻው አገር ይቅርና ባለጸጋው እንኳ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ሐኪም አላገኘም። ታዲያ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ ከአፍሪካ ወንድሞቻችን አንዱ ያገኘውን መልስ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ አስበናል።

በ2005 ዓ.ም. የዚምባብዌ መንግሥት በከተሞች ያለ ፈቃድ ተሠሩ ያላቸውን ቤቶችና የገበያ ዳሶች ባፈረሰ ጊዜ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ገመተው 700,000 ያህል ሰው ቤቱን ወይም መተዳደሪያውን አጣ። ኀዘኑም በየቤቱ ገባ። በዚያው ዓመት ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ያክሟት የነበረች አንዲት ወጣት ራሷን አጠፋች። ሐኪሙ በአደባባይ እንደ ተናገሩት፤ ወደ ሆስፒታል ሳትመጣ የቀረችው ለአውቶቡስ የሚከፈለውን 15 ዶላር በማጣቷ ነበር። ሐኪሙ ነበረ፤ ሕክምናውም ነበረ፤ ነገር ግን በእርሷና በሕክምናው መካከል ርቀትና ገንዘብ ቆሙ።

ዶክተር ቺባንዳ ከዚህ በኋላ፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ ምክሩ ወደ ሕመምተኛው መሄድ አለበት ብለው አሰቡ። ሥራውንም በ2006 ዓ.ም. ምባሬ በሚባለው የሐራሬ ሰፈር ጀመሩ። ነገር ግን በጤና ጣቢያው ትርፍ ክፍል አልነበረም፤ ነርሶቹም በሌላ ሥራ ተይዘው ነበር። የተሰጧቸው በሰፈሩ ስለ ጤና ሲያስተምሩ የኖሩ 14 አሮጊቶች ብቻ ነበሩ፤ የተፈቀደላቸውም ቦታ ደጁ ነበር። እርሳቸውም ይህን እንደ ጉድለት ሳይቈጥሩ፤ እኒያን እናቶች አስተምረው በግቢው ከዛፍ ጥላ በታች የእንጨት አግዳሚ ወንበር አኖሩላቸው። ስሙም የወዳጅነት አግዳሚ ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልቡ የከበደው ሰው መጥቶ ከአያቲቱ አጠገብ ይቀመጣል። እርሷም በአገሩ ቋንቋ የተዘጋጁ 14 ጥያቄዎች ትጠይቀዋለች። ሾናዎች ይህን ሕመም ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ በእኛም አገር ሐሳብ በዛብኝ፤ ሐሳብ ገደለኝ እንደሚባለው ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ያስጨነቀውን ሁሉ ያለ መቸኰል ታዳምጠዋለች፤ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ ታደርገዋለች፤ ለዚያ ለአንዱም መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ ትረዳዋለች። ይህንንም በሦስት ስም ይጠሩታል፤ ልቡናን መክፈት፤ ልቡናን ማንሣት፤ ልቡናን ማጽናት። ደዌው የጸናበትን ሰው ግን ወደ ነርስና ወደ ሐኪም ትልከዋለች። ምክሩ ከተፈጸመ በኋላ ሰዎቹ በማኅበር እየተሰበሰቡ፤ ከአሮጌ ፕላስቲክ ከረጢት እየሠሩ፤ እርስ በርሳቸው ይጽናናሉ።

ይህ መልካም ወሬ ብቻ እንዳይመስል በሚዛን ተመዝኗል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱም በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ በአግዳሚው ላይ ከተመከሩት ከ100ው የድብርት ምልክት የቀረባቸው 14 ያህል ሲሆኑ፤ ተሻሽሎ የቀረበውን የተለመደ የነርስ እርዳታ ካገኙት ግን ከ100ው 50 ያህል ነበሩ። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ወደ ማላዊና ወደ ዛንዚባር፤ ከዚያም አልፎ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ተሻገረ። ባለጸጋው ከድኻው ጥበብን ተበደረ ማለት ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፤ ያልተማረች አሮጊት የሐኪም ሥራ እንዴት ትሠራለች ይል ይሆናል። እርሷ ግን ሐኪም ነኝ አትልም፤ የተማረችውን ያህል ትሠራለች፤ የሚበልጣትን ለሚያውቅ ታስተላልፋለች። ሌላውም፤ የእኛ ሕዝብ ገመናውን በሜዳ አይናገርም ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት ቁም ነገር አለው። ስለዚህ አግዳሚው ዓይን ከሚያየው፤ ጆሮ ግን ከማይሰማው ቦታ መኖር ይገባዋል፤ ተቀማጯም ምስጢር ጠባቂ መሆኗ አስቀድሞ መመርመር አለበት። ይሁን እንጂ ዋርካን ብናስብ፤ ከጥንት ጀምሮ ሽማግሎች ደም ያደረቁት፤ ባልና ሚስት ያስታረቁት፤ ድንበር የለዩት ከዛፍ ጥላ በታች ነው። ለጠብና ለክርክር የበቃው ጥላ፤ ለኀዘንተኛ ልብ አይበቃም ማለት እንዴት ይቻላል?

ደግሞም ደጁ ራሱ መድኃኒትነት አለው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ይህም ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ጭንቀትንና ድብርትን ለመቀነስ እንደሚረዳ ይገልጣል። በአዲስ አበባም በእኛ አቆጣጠር በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም፤ በእሑድ ቀን አንዳንድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፤ ለሯጭና ለሕፃናት ጨዋታ እንዲከፈቱ የሚያደርግ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በዚያ የሄደ ሁሉ የመግቢያ ዋጋ አልተጠየቀም። ጤንነት የሚገኝበት ቦታ በገንዘብ የሚገባበት ከሆነ ግን፤ ብዙ የሚያስፈልገው ድኻ ከበር ይመለሳል፤ ከሐራሬዋ ወጣት 15 ዶላርም የተለየ ነገር አይሆንም።

ስለዚህ በየከተማውና በየወረዳው ሥልጣን የተሰጣችሁ ሁሉ፤ ሜዳ ሁሉ ባዶ መሬት እንዳይመስላችሁ እናሳስባለን። ሕንፃ ከተሠራበት በኋላ ሜዳ ተመልሶ አይገኝም። በየሰፈሩ ጥላ ያለው አንድ ቦታ ያለ ዋጋ ክፍት ሆኖ ቢጠበቅ፤ በየጤና ጣቢያው ግቢም አንድ አግዳሚ ቢኖር፤ ወጪው ጥቂት እንጨትና ጥቂት ትምህርት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በየሰፈሩ የተከበሩትን እናቶች መርጦ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሠረት አይገኝም።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላችሁ። የንስሐ አባት ከሐኪም አስቀድሞ የሰውን ልብ ይሰማል፤ የቤተ ክርስቲያኑም አጸድ በብዙ አገር ብቸኛው የቀረ ደን ነው። መጨነቁን የሚናገረውን ሰው ሳትነቅፉ አድምጡት፤ በጥላው ሥር አስቀምጡት። ሞትን እመኛለሁ የሚለውን፤ እንቅልፍና ምግብ የራቀውን፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማውን ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም እንዲወሰድ ንገሩ፤ ጸበል የሚጠመቀውም የሐኪሙን መድኃኒት እንዳይተው ምከሩ። በሰንሰለት ታስሮ የዳነ ልቡና የለም፤ በመደመጥ የቀለለ ልቡና ግን ብዙ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የኀዘንም ሸክም እንዲሁ ነው። እኛ ጥላውም አለን፤ እናቶቹም አሉን፤ የሚያዳምጥ ጆሮም አልጠፋም። የጐደለው አግዳሚውን አኑሮ፤ ና ወንድሜ ተቀመጥ፤ ነይ እኅቴ ተቀመጪ የሚል ነው። ይህን ለማለት በጀት እስኪመደብ መጠበቅ አያስፈልግም።