ያለ ጽሑፍ የሚጫወቱ ተዋናዮች

ተዋናይ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው፣ የተጻፈለትን ቃል በሚገባ አጥንቶ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ብቅ ብሎ፣ የተሰጠውን አንድ ሳያጎድል የሚናገር ሰው ነው። ቃሉ ከጠፋበት ላብ ያጠምቀዋል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የቆመው አስታዋሽም በሹክሹክታ ይደርስለታል። ዛሬ ግን የምናወጋው ስለ ሌላ ዓይነት ቴአትር ነው። በዚህኛው ቴአትር የተጻፈ ቃል የለም፤ አስታዋሽም የለም። ተዋናዮቹ ወደ መድረክ ሲወጡ ምን እንደሚጫወቱ እነርሱ ራሳቸው አያውቁም። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ተመልካቹ ዞር ይልና «እስቲ አንድ የሥራ ዓይነት ንገሩን» ይላል። ከወንበሮቹ መካከል አንዱ «የጥርስ ሐኪም!» ብሎ ይጮኻል። ጨዋታውም ከዚያች ቃል ይጀመራል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም። አዝማሪ ያለበት ቤት ገብቶ «ተቀበል» ሲባል የሰማ፣ ወይም አዝማሪው የመጣውን እንግዳ ገና ከበር አይቶ ስለ ባርኔጣው ቤት የሚመታ ግጥም ሲያወርድበት ያየ ሰው፣ ምን ማለታችን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። ይሁን እንጂ አዝማሪው የሚፈጥረው ብቻውን ነው፤ መሰንቆውም ያግዘዋል። እነዚህኞቹ ተዋናዮች ግን አምስት ስድስት ሆነው አንዱ የሌላውን አሳብ ሳያውቅ አንድ ታሪክ መሥራት አለባቸው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው አንዱ የተናገረውን ቃል መልሶ መሰረዝ አይቻልም። ታዲያ እንዴት አድርገው ይግባባሉ? ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ያስፈለገው።

ትምህርቱ በተለይ የተስፋፋው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የሚያስደንቀው ግን መሠረቱን የጣሉት የሣቅ ሰዎች ሳይሆኑ የድኾችን ኑሮ ለማቃናት የተነሡ ሴቶች መሆናቸው ነው። በ1889 ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የተባሉ ሁለት ሴቶች «ሃል ሀውስ» የተባለውን ቤት በቺካጎ የስደተኞች ሰፈር ከፈቱ። በሰፈሩ ከኢጣልያም፣ ከግሪክም፣ ከሩሲያም የመጡ ሰዎች ስለ ነበሩ የአንዱን ቋንቋ ሌላው አያውቀውም ነበር። በዚያ ቤት ያስተምሩ የነበሩት ኔቫ ቦይድ ጨዋታ ለልጅ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ሰውን ከሰው የሚያስማማ ትምህርት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከተማሪዎቻቸውም አንዷ በ1906 የተወለደችው ቫዮላ ስፖሊን ነበረች።

በ1939 የአሜሪካ መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት ባቋቋመው ድርጅት ውስጥ ወይዘሮ ስፖሊን የቴአትር ትምህርት ተቈጣጣሪ ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የስደተኛ ልጆችና ቴአትርን የማያውቁ ተራ ሰዎች ነበሩ። ለእንደነዚህ ያሉ ተማሪዎች ረዥም ንግግር ማድረግ እንደማይጠቅም ስለ ተረዱ፣ ትምህርቱን ሁሉ ወደ ጨዋታ ለወጡት።

አንዱን ጨዋታ እንመልከት። ሁለት ሰዎች በሌለ ገመድ ጉተታ ይጋጠማሉ። ተማሪውን «ገመድ የሚጎትት ሰው ምሰል» ቢሉት ፊቱን ያጨማድዳል፤ ተመልካቹም ሐሰት መሆኑን ወዲያው ያውቅበታል። «ገመዱ በመካከላችሁ እንዳይጠፋ ጠብቁ» ቢባሉ ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ገመዱ ላይ ይጥላሉ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይሳባል፤ ፊታቸውን ማሳመር ይረሱታል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ የሌለውን ገመድ ያየዋል። የወይዘሮ ስፖሊን ዘዴ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰው ራሱን ትቶ በሥራው ላይ ሲያተኩር ፍርሃቱ ይለቀዋል።

ስለ ፍርሃትም የደረሱበት ነገር ለእኛ ለቢሮ ሰዎችና ለተማሪዎች በጣም የሚጠቅም ነው። ሰውን የሚያደነዝዘው የእውቀት ማነስ ሳይሆን ምስጋናን መናፈቅና ነቀፋን መፍራት ነው ይላሉ። ተማሪው ጥያቄውን ትቶ የአስተማሪውን ፊት ያነባል፤ ጸሐፊውም ደብዳቤውን ትቶ የአለቃውን ቅንድብ ይመለከታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ፊት ማንበብ ነው። ስለዚህ በወይዘሮ ስፖሊን ክፍል ውስጥ አስተማሪው ፈራጅ መሆኑ ቀርቶ ከጎን ሆኖ የሚያሳስብ የጨዋታ ጓደኛ ሆነ። ይህንንም ሁሉ በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ ጻፉት፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ በብዙ የቴአትር ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል።

የወይዘሮዋ ልጅ ፖል ሲልስ የእናቱን ጨዋታ ወደ ትልልቆች መድረክ አመጣው። በ1955 ከዴቪድ ሼፐርድ ጋር ሆኖ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኝ መጠጥ ቤት «ኮምፓስ» የተባለውን ጓድ አቋቋመ። በዲሴምበር 16 ቀን 1959 ደግሞ ከበርናርድ ሳሊንስና ከሃዋርድ አልክ ጋር «ሰከንድ ሲቲ» የተባለውን ቴአትር ቤት ከፈተ። ትርጓሜው «ሁለተኛዋ ከተማ» ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከስድብ ነው። ሊብሊንግ የተባለ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ በ1952 ቺካጎን «ሁለተኛዋ ከተማ» እያለ ሲያፌዝባት ነበርና፣ እነርሱ በስድቡ ከመቈጣት ይልቅ በራቸው ላይ ሰቀሉት።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ተዘጋጅቶ የተጠና አጫጭር የቀልድ ጨዋታ ይታያል። ከዚያ በኋላ ተዋናዮቹ ከተመልካች በተቀበሉት ቃል ያለ ጽሑፍ ይጫወታሉ። በዚህ ጊዜ ተመልካቹን ያሣቀው ነገር ይያዛል፤ በማግሥቱ ይደገማል፤ ትርፉ ይቈረጣል፤ የጎደለው ይሞላል። በብዙ ሌሊት ከተፈተነ በኋላ ለሚቀጥለው ዝግጅት ይሆናል። እንግዲህ ተመልካቹ በማያውቀው መንገድ የደራሲው ረዳት ሆነ ማለት ነው። በ1973 የቶሮንቶ ቅርንጫፍ ተከፈተ። በ1975 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀመር ቀድሞ በዚሁ ቤት የተጫወቱት ጆን ቤሉሺ፣ ዳን አይክሮይድና ጊልዳ ራድነር ተዋናዮቹ ሆኑ። በኋላም ስቲቭ ካሬልን፣ ስቲቨን ኮልቤርንና ቲና ፌይን ያፈራው ይኸው ቤት ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ማንም ሰው ከፍሎ የሚማርበት ትምህርት ቤት አለው።

በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት «እሺ፤ ደግሞም» የሚል ነው። ወደ ጥርስ ሐኪማችን እንመለስ። በሽተኛው «ዶክተር፣ ይህ ጥርሴ ሌሊት ሌሊት እየዘፈነ እንቅልፍ ነሣኝ» ይላል እንበል። ሐኪሙ «ጥርስ አይዘፍንም» ብሎ ቢመልስ እውነት ተናግሯል፤ ጨዋታው ግን እዚያው ሞተ። «ዐውቃለሁ ጌታዬ፤ ከጎኑ ያለው ጥርስ ትናንት መጥቶ ከሶታል» ቢል ግን የጓደኛውን ቃል ተቀበለ፤ የራሱንም ጨመረበት። አሁን ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ምናልባትም ችሎት ሊቆም ነው።

አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ይህ «እሺ» በየቢሮው መስኮት የምንሰማው «እሺ፣ ነገ» አይደለም። ለአለቃ የሚባለው «እሺ ጌታዬ»ም አይደለም። «እሺ፣ ነገ» ባለ ጉዳይን ማባረሪያ ነው፤ «እሺ ጌታዬ» አሳብን መደበቂያ ነው። የመድረኩ «እሺ» ሁለት ዕዳ አለበት፤ የተባለውን በእውነት መስማት፣ ቀጥሎም ከራስ አንድ ነገር መጨመር። የጓደኛውን ቃል ያልሰማ ሰው ምን እንደሚጨምርበት አያውቅም።

በሊቃውንቱ መካከል ክርክር አልጠፋም። በርናርድ ሳሊንስ ያለ ጽሑፍ መጫወት ጥሩ ጽሑፍ ለማግኘት የሚረዳ መሣሪያ ነው፣ ራሱን የቻለ ቴአትር አይደለም ይሉ ነበር። ዴል ክሎዝ የተባለው አስተማሪ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው ብሎ ሞገተ። ኋላም ሼፐርድና ሻርና ሃልፐርን በ1981 በመሠረቱት «ኢምፕሮቭ ኦሊምፒክ» ውስጥ ከሃልፐርን ጋር ሆኖ «ሃሮልድ» የተባለውን ረዥም ጨዋታ አስተማረ። ከአንዲት ቃል የማይገናኙ የሚመስሉ ሦስት ታሪኮች ይወጣሉ፤ እየተፈራረቁ ይመለሳሉ፤ በመጨረሻም ይያያዛሉ። ክሎዝ በ1999 ሲሞት የራስ ቅሉ ለአንድ የቺካጎ ቴአትር ቤት ተሰጥቶ በሐምሌት ጨዋታ እንዲሠራበት ተናዞ ነበር። ሃልፐርንም አንድ የራስ ቅል በሥርዓት አስረከበች። በ2006 ግን የሌላ ሰው ራስ መሆኑ ታወቀ፤ ገዝታው ኖሯል! ሟቹ ቢሰማ «እሺ፤ ደግሞም» ሳይል የሚቀር አይመስለንም።

ከሣቁ ቀጥሎ ግን የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2020 በሰከንድ ሲቲ የሠሩ ጥቁር ተዋናዮች በቤቱ ውስጥ በዘራቸው ምክንያት የደረሰባቸውን በደል በአደባባይ ተናገሩ። የቤቱ ኃላፊና ከባለቤቶቹ አንዱ የነበሩት አንድሩ አሌክሳንደርም ዘረኝነትን የማይታገሥ ቤት ሳይሠሩ መቅረታቸውን አምነው ከሥራቸው ለቀቁ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ለአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ተሸጠ። መስማትን ለስድሳ ዓመት ያስተማረ ቤት፣ በገዛ ጓዳው የሚነገረውን አልሰማም ማለት ነው።

ይህ ትምህርቱን ሐሰት ያደርገዋልን? አያደርገውም፤ ክብደቱን ግን ያሳያል። በመድረክ ላይ የእኩያን ቃል መቀበል ጨዋታ ነው፤ ከበታች የሚመጣውን ቃል፣ ያውም ራሳችንን የሚነቅፈውን፣ መቀበል ግን የኑሮ ፈተና ነው። የመጀመሪያውን በጥቂት ወራት መማር ይቻላል። ሁለተኛው ዲፕሎማ የለውም።

ጨዋታው ከቴአትር ቤት ወጥቶ መሄዱም የሚያጠራጥር አይደለም። በወጣትነቱ ይህንን ጨዋታ የተማረው ስመ ጥሩ ተዋናይ አላን አልዳ፣ የሳይንስ ሊቃውንት ነገራቸውን ለሕዝብ እንዲያስረዱ የሚያሠለጥን ማዕከል በ2009 በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም አድርጓል። እዚያ የፊዚክስ ሊቅ ከባልንጀራው ፊት ቆሞ የመስተዋት ጨዋታ ይጫወታል፤ አንዱ እጁን ሲያነሣ ሌላው እንደ መስተዋት ይከተላል። የሚናገር ሰው የአድማጩን ፊት ማየት አለበትና። ይህም የአለቃን ቅንድብ ከማንበብ የተለየ ነው፤ ያኛው ምን ይሉኝ ብሎ ይመለከታል፣ ይህኛው ገብቶት ይሆን ብሎ።

ቺካጎ ድረስ መሄድ ለማይቻለን አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ጨዋታ አለ። አራት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡና አንድ ታሪክ ተናገሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በተራው አንድ ቃል ብቻ ይጨምር። ታሪኩን ወደ ወደደው ለመጎተት የሚያስብ ሰው ተራው ሲደርስ ይደናገራል፤ ያዘጋጃት ቃል አትገጥምለትምና። ከፊቱ ያለውን የሰማ ግን ቃሉ ራሷ ትመጣለታለች። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ፣ በመስኮቱ በኩል ቆሞ የሚናገረውን ባለ ጉዳይ እስኪጨርስ ሰምተን፣ «እሺ» ካልን በኋላ «ነገ» በምትለው ቃል ፈንታ ሌላ ቃል እንጨምር።