ጓሳ ከመታረሱ በፊት፦ ለመንዝ ሽማግሎች ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ የመንዝ ሽማግሎች፦

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ እንጂ ለልጆቻችን አይደለም። ጓሳ ለምን እንደተጠበቀ ከአባቶቻችን አፍ የሰማነው እኛ ነን። ነገ ጓሳ ቢታረስ ጥፋቱ በሬ ጠምዶ የወጣው ጎረምሳ ብቻ አይሆንም፤ ምክንያቱን እያወቀ ዝም ያለ ሽማግሌም አብሮ ይጠየቃል።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለውን ያን ውርጫማ ሜዳ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ጓሳ የተባለውን ሣር፣ ጅብራና አስታ ለብሶ ይታያል። ጭላዳው በመንጋ ይግጥበታል፤ ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሮውን ሲያጠኑት ቆይተዋል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ። እንግዳው ይህ ሁሉ እንዲያው በተፈጥሮ የቆየ ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ጓሳ የቆየው በሕግ ነው።

አቅኚዎቹ አስቦና ጌራ ድርሻ ድርሻቸውን ከያዙ ወዲህ ጓሳ በቄሮ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ ነገሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሚጀምር ይነገራል። ባለ አጽመ ርስቱ ጓሳውን የሚያስተዳድር አባ ቄራ ይመርጣል፤ ጓሳው ይዘጋ ከተባለ ይዘጋል። ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም አምስት ዓመት ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። አባወራው በየተራው ወጥቶ ይጠብቃል፤ ሰርቆ ያጨደም ከጥበቃ የቀረም ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም ከሥርዓቱ ጎን ቆማ ታጸናው ነበር። ቄሮ ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ የአቅኚ ዘር ያልሆነውን ከደጅ ያስቀር ነበር። መሬቱን ግን አቆይቷል።

ያ ሁሉ ሰው ለምን ታዘዘ? ስለሚያስፈልገው ነው። የቤቱ ክዳን ጓሳ ነበር፤ ገመዱም፣ መኝታውም፣ በክረምት እረኛው የሚለብሰው ገሳም ከጓሳ ነበር። ማገዶው አስታ ነው። በድርቅ ዘመን የከብቱ ነፍስ የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው። ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ለማትረፍ ሲል ራሱን ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቄሮም ፈረሰ። ጭሰኛው መሬት ማግኘቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን አባ ቄራውን የሚተካ ሳይቆም ጓሳው ክፍት ሆነ፤ ያሰማራ አሰማራ፣ ያጨደ አጨደ፣ ከግርጌውም ያረሰ አረሰ። ጓሳ የተረፈው የየቀበሌው ሰው ተመካክሮ ኮሚቴ መርጦ መክፈቻና መዝጊያውን ስለመለሰ ነው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ተብሎ በክልሉ ዘንድ የታወቀ ነው።

እንግዲህ የምፈራውን ልናገር። ዛሬ የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ነው። ገመዱ ናይለን ሆኗል፤ ገሳውንም ላስቲክና ጃኬት ተክተውታል። ይህ ለሕዝባችን እፎይታ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን አባቶቻችንን ያሳዘዛቸው ፍላጎት እየቀነሰ ነው። የእርሻ መሬት ያልደረሰው ልጅ ወደ ጓሳ ቀና ሲል የሚያየው ያልታረሰ መሬት ነው። «ይህ ሁሉ ሜዳ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ካላገኘ በሬውን ይጠምዳል።

«ቱሪስት ያመጣል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። መንገድ ሲዘጋና ሰላም ሲጠፋ እንግዳ ይቀራል፤ ይህንንም ባለፉት ዓመታት አይተናል። ጓሳን የምንጠብቀው ለእንግዳው ገንዘብ ነው ብለን ካስተማርን፣ ገንዘቡ የቀረ ዕለት ጥበቃውም ይቀራል።

ይልቅስ ልጁን ሣሩ ሥር ወርዳችሁ አሳዩት። ጓሳ እጅብ እጅብ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ከላይ በማጭድ ቢያጭዱት ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ በዶማ የተነቀለው ግን በቀላሉ አይመለስም። እጅቡን ገለጥ ሲያደርግ የአይጥ መሄጃ ያገኛል። ቀይ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ፣ እግሩን ቀስ አድርጎ እያነሳ የሚያደባው ለዚያች አይጥ ነው። እጁን ወደ ሥሩ ቢሰድ፣ የታችኛው ማሳ በደረቀበት ወር እንኳ አፈሩ እርጥበት እንደያዘ ያውቃል። ጓሳ ጉሙንና ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ለምንጮቻችን ቀስ እያለ ይለቃል። ውኃው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ላዩ ቢታረስ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የነጠፈ ምንጭ ይተርፈናል። ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ባለቤቱ ያልጠበቀውን ሌላው ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ግን ባለቤቱ ከውጭ ይሆናል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በሰው፣ በከብትና በእርሻ ብዛት በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ጓሳ እስከ ዛሬ በእጃችን ያለው ራሳችን ስለጠበቅነው ነው።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እላለሁ። በተዘጋ ጓሳ ውስጥ ከብት ሲገኝ «የእገሌ ልጅ ነው፣ ይቅር በሉት» ብሎ የሚያማልድ ሽማግሌ አይኑር፤ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ያ ምልጃ ነው። ውሾቻችንን እንሰር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም እናስከትብ። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ይኸው በሽታ ከውሻ ተሻግሮ ቀይ ቀበሮውን ፈጅቶታል። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀበሮ 500 እንኳ የማይሞላ ነውና እንዲህ ያለ በሽታ ጓሳ ቢገባ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ኮሚቴውም የእኛ የሽማግሎች ብቻ አይሁን፤ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ይግቡበት፣ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ቀን አብረውን ይወስኑ።

ጓሳው በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት እያንዳንዳችን አንድ ወጣት ይዘን ወሰኑን በእግር እናሳየው፤ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚቀጣ በቦታው ቆመን እንንገረው። በእድሩም በማኅበሩም ይህ ይነሳ። አባቶቻችን አስረክበውናል፤ እኛም የማስረከብ ግዴታ አለብን። ይህን ሳናደርግ ሽማግሌ ተብለን ከፊት መቀመጥ አይገባንም።